ዩኒቨርሲቲው ኳሱን ለምን ይፈልገዋል?

እ.ኤ.አ. በ2022 ኦሪገን ላይ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ኢትዮጵያ በ4 ወርቅ፣ በ4 ብርና በ2 ነሐስ ከዓለም 2ኛ ሆና ነበር የጨረሰችው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ለተሰንበት ግደይ 10,000 ሜትሩን፣ ጉዳፍ ፀጋይ 5,000 ሜትሩን ያሸነፉበት ስታዲየም ሄይዋርድ ፊልድ ይባላል። ያን ሰሞን ቴሌቪዥን ላይ ተጥደን የነበርን ሰዎች ሩጫውን እንጂ ስታዲየሙን ልብ ያልነው አይመስለኝም። የመንግሥት አይደለም። የከተማው አስተዳደርም አይደለም። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ነው። የዓለም ሻምፒዮና በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተካሄደ ማለት ነው። አትሌቶቹም ያደሩት በተማሪዎቹ ዶርም ነበር።

ለአሜሪካኖች ይሄ ብርቅ አይደለም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል። ከማንቸስተር ዩናይትዱ ኦልድ ትራፎርድ ከ30,000 በላይ ይበልጣል። (ፉትቦል የምለው በእጅ የሚያዘውን፣ የአሜሪካኖቹን ነው።) ስታዲየሙ በየጨዋታው ጢም ይላል። ሜዳ ላይ ያሉት ግን የ19 እና የ20 ዓመት ተማሪዎች ናቸው።

ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ነገሩ ግራ ነው። ትምህርት ቤት ምን ቤት ነው ከዚህ ሁሉ ጋር? አሰልጣኙ ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ብዙ እጥፍ የሚከፈለው ለምንድን ነው? አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ አንድ ቀን “አላባማ ነው መማር የምፈልገው” ብሎ ሲመጣ ጥያቄው ቤታችሁ ድረስ ይገባል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የኮሌጅ ስፖርት ገና ሲወለድም ማስታወቂያ ነበር። በ1852 ሃርቫርድና ዬል ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ባለ ሐይቅ ላይ በጀልባ ቀዘፋ ገጠሙ። በአሜሪካ ሁለት ኮሌጆች በስፖርት ሲፋለሙ ያ የመጀመሪያው ነው። ወጪያቸውን የቻለው የባቡር ኩባንያ ነበር። ለስፖርት ፍቅር ብሎ አይደለም። ሰው በእሱ ባቡር እየተሳፈረ ሐይቁ ዳር ሊዝናና እንዲመጣለት ፈልጎ ነው። ፉትቦሉ የመጣው ከ17 ዓመት በኋላ ነው። በ1869 ራትገርስ ፕሪንስተንን 6 ለ 4 አሸነፈ። ራትገርስ ፉትቦል የተወለደው እኛ ዘንድ ነው እያለ እስከ ዛሬ ይኮራበታል።

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው እንደ ክለብ የሆነበት ምክንያት የካርታ ጉዳይ ነው። ትልልቆቹ የፕሮፌሽናል ቡድኖች የበቀሉት ሰውና ገንዘብ ባለባቸው ከተሞች ነው። አላባማ፣ ነብራስካና አዮዋ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ ቡድን የላቸውም። ስለዚህ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ የግዛቱ ቡድን ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ሰው ጊዮርጊስ ወይም ቡና ሆኖ እንደሚያድገው ሁሉ፣ አላባማ ውስጥም ልጅ የሚያድገው የአላባማ ወይም የኦበርን ሆኖ ነው። ከቲፎዞው ብዙው ዩኒቨርሲቲውን እንደ ተማሪ ረግጦት አያውቅም። ሊንከን የሚገኘው የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ1962 ጀምሮ ለፉትቦል ጨዋታ ትኬት ተርፎት አያውቅም። በነሐሴ 2023 እዚያው ስታዲየም ውስጥ የሴቶች መረብ ኳስ ጨዋታ ተዘጋጅቶ 92,003 ሰው ገባ። መረብ ኳስ ነው ያልኳችሁ።

ይሄን ፍቅር ማንም ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ አልነደፈውም። አዮዋን እንይ። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ጎን የሕፃናት ሆስፒታል አለ። በ2017 አዲሱ ሕንፃ ሲከፈት 12ኛው ፎቅ ሜዳውን ቁልቁል የሚያይ ሆነ። አንዲት ደጋፊ ፌስቡክ ላይ አንድ ሐሳብ ጣል አደረገች። የመጀመሪያው ሩብ ጨዋታ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ወደ ሆስፒታሉ ዞሮ እጁን ቢያውለበልብስ? በቃ፣ ያዘ። አሁን በየጨዋታው 70,000 ያህል ሰው ብድግ ይላል። ፊቱን ከሜዳው ያዞራል። ተጫዋቾቹም፣ ዳኞቹም፣ ሊያሸንፋቸው የመጣው ቡድንም ይዞራሉ። ፎቁ ላይ የታመሙ ልጆች፣ አንዳንዶቹ ግሉኮስ እንደተተከለላቸው፣ ከመስኮቱ ሥር ሆነው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ለአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ማን ሊሠራለት ይችላል? ለአንድም የማስታወቂያ ድርጅት ሳንቲም አልከፈለም። ዛሬ ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱን ሲያስተዋውቅ ከሚያሳያቸው ምስሎች አንዱ ይሄው ነው።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ፍቅር ምን ያገኛሉ? ብዙ ሰው መልሱ ትኬት ይመስለዋል። ትኬት አንዱ ነው እንጂ ዋናው አይደለም። ዋናው ማመልከቻ ነው።

በኅዳር 1984 የቦስተን ኮሌጁ ዳግ ፍሉቲ ከማያሚ ጋር ሲጫወት፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት ኳሷን አሽቀንጥሮ ወረወራት። ጓደኛው መስመሩ ውስጥ ቀለባት። 47 ለ 45። መላው አገር በቴሌቪዥን ያየው ጨዋታ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ቦስተን ኮሌጅ የሚላከው ማመልከቻ በ30 በመቶ ገደማ ጨመረ ተባለ። ነገሩም “የፍሉቲ ውጤት” ተብሎ ስም ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርት ገንዘብ ሲጠይቅ ይቺን ታሪክ ሳይጠቅስ አያልፍም። የሚዘለለው ግን ኮሌጁ ከዚያ በፊትም ዶርም እየሠራ፣ ተማሪ ከሩቅ እየሳበ፣ ማመልከቻውም እየጨመረ የነበረ መሆኑ ነው።

ታዲያ ተረት ነው? አይደለም። በ2013 አንድ የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል መምህር ባሳተመው ጥናት፣ የአንድ ትምህርት ቤት ፉትቦል ቡድን ከመካከለኛ ደረጃ ተነስቶ ምርጥ ሲሆን ማመልከቻው በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በኳሱ ይበልጥ የሚሳቡት የፈተና ውጤታቸው ዝቅ ያሉት ተማሪዎች ናቸው። ጎበዞቹም ግን ሙሉ በሙሉ አያመልጡም። ከዚህም ሌላ ውጤቱ ቶሎ ይበርዳል። የዘንድሮ ድል ለሦስት ዓመት አያበላም። ስለዚህ አንዴ የጀመረ ዩኒቨርሲቲ ማቆም ያቅተዋል።

ይህን ስሌት እስከ ጥግ የወሰደው አላባማ ነው። በጥር 2007 አሰልጣኝ ኒክ ሳባንን ለ8 ዓመት በ32 ሚሊዮን ዶላር ቀጠረ። ያኔ ብዙ ሰው አበዛችሁት ብሎ ነበር። ቲፎዞው ግን አላለም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ቡድኑ እርስ በርሱ ለሁለት ተከፍሎ የልምምድ ጨዋታ ሲያደርግ ከ92,000 በላይ ሰው ስታዲየም ገባ። ልምምድ ለማየት! ሳባን ከ2009 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ውስጥ 6 ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ በላ። የተማሪው ቁጥር ደግሞ በ2007 ከነበረበት 25,000 ገደማ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 38,000 ተጠጋ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ሳይሆን የመጡትን ልጆች ማየት ያስፈልጋል። አዲሶቹ ተማሪዎች በብዛት የመጡት ከሌላ ግዛት ነው። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ የግዛቱን ልጅ በቅናሽ ነው የሚያስተምረው፤ ከሌላ ግዛት የመጣው ግን አላባማ ላይ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይጠየቃል። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የግዛቱ መንግሥት በጀት ሲቀንስ ያ ክፍያ ቀዳዳ መድፈኛ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር በ2013 ለቴሌቪዥን ሲናገሩ፣ ሳባንን መቅጠር ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡን ካዋለባቸው ነገሮች ሁሉ የላቀው ነው ብለዋል። እኔ ግን ጭብጨባውን ትንሽ እቀንሳለሁ። አላባማ በዚያው ጊዜ ተማሪ መልማዮችን በየግዛቱ አሰማርቷል። ጥሩ ውጤት ላላቸው ልጆች ዳጎስ ያለ ስኮላርሺፕ ሰጥቷል። ኳሱ በሩን ያንኳኳል፤ የሚያስገባው ስኮላርሺፑ ነው። አንድ የኢሊኖይ ልጅ ሳባንን በቴሌቪዥን ባያይ ግን የስኮላርሺፑን ደብዳቤም ከፍቶ ላያነበው ይችል ነበር።

የፉትቦል ቡድን ለማቋቋም እስከ 85 ስኮላርሺፕ እና ትልቅ ስታዲየም ሲያስፈልግ ኖሯል። አቅም የሌለው ቅርጫት ኳስ ይሞክራል። ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከአሌክሳንድሪያ የማይርቀው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን የለውም። በ2006 ግን ኮኔቲከትን በጭማሪ ሰዓት 86 ለ 84 አሸንፎ በአገሪቱ የኮሌጆች ዋንጫ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆነ። ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት አወቀው።

አሁን ወደ ኦሪገን እንመለስ። ስምን ሆን ብሎ መገንባት ምን እንደሚመስል የሚታየው እዚያ ነውና። የናይኪው ፊል ናይት ኦሪገን ተምሯል፤ ለትምህርት ቤቱም ሮጧል። አሰልጣኙ ቢል ባወርማን ነበር። ሁለቱ በ1964 ያቋቋሙት የጫማ ንግድ ነው በኋላ ናይኪ የሆነው። ናይት ሀብት ሲያፈራ ገንዘቡን ወደ ትምህርት ቤቱ መለሰ። ሄይዋርድ ፊልድም እንደ አዲስ የተሠራው በዋናነት በእሱ ገንዘብ ነው።

ናይት ግን ገንዘብ ብቻ አልሰጠም። የገበያውን ዘዴ ጭምር ነው ይዞ የመጣው። ናይኪ በ1990ዎቹ መጨረሻ ያቺን ወፍራም “ኦ” አርማ ነደፈ። ቡድኑ በየሳምንቱ ሌላ ማሊያ፣ ሌላ የራስ ቁር፣ ሌላ ጫማ ለብሶ መውጣት ጀመረ። አንድ ሳምንት የሚያበራ ቢጫ፣ ሌላ ሳምንት ጥቁር። ሽማግሌዎቹ ቲፎዞዎች ተሳለቁ። ልብሱ ግን ለእነሱ አልነበረም። ፍሎሪዳ ወይም ቴክሳስ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ለሚያየው የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ኦሪገን ዝናብ የሚበዛበት ጥግ ነው። ያንን ልጅ እዚያ ድረስ የሚያስመጣ ሌላ ምን አለ? በ2001 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የአንድ ተጫዋቹን፣ የጆይ ሃሪንግተንን ምስል ኒውዮርክ ውስጥ ባለ አሥር ፎቅ በሚያህል ቢልቦርድ ላይ ሰቀለ። ወጪው 250,000 ዶላር ነበር። ልጁ ሊሸለም የታሰበውን የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ዋንጫ አላገኘም፤ 4ኛ ወጣ። ወሬው ግን ከዋንጫው በላይ ሠራ።

ስሙ ገንዘብ ሲሆን ጠበቃ ይከተላል። የዩኒቨርሲቲው አርማ ካለበት ከእያንዳንዱ ኮፍያና ቲሸርት ሽያጭ ላይ ትምህርት ቤቱ ድርሻ አለው። ኦሃዮ ስቴት በ2022 ከስሙ በፊት የምትመጣዋን “ዘ” የምትል ቃል ሳይቀር ለልብስ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቧል። ይሄ እንኳን ለእኔ ትንሽ በዝቷል።

ይሄ ሁሉ ሲሰማ ዩኒቨርሲቲዎቹ በኳስ የከበሩ ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው። በ2019 የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ካሉት 1,100 ያህል ትምህርት ቤቶች የስፖርት ክፍላቸው ካወጣው በላይ ያስገባው 25 ብቻ ነበሩ። የቀሩት የሚደጎሙት ከዩኒቨርሲቲው በጀት ወይም ከተማሪው ኪስ ነው። የሀብታሞቹም ቢሆን ወጪያቸው ጉድ ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 አሰልጣኙን ለማባረር ብቻ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ሥራ ላለመሥራት ነው የሚከፈለው፤ ውሉ እንደዚያ ስለሚል።

ያለ ኳስ ስም መገንባት እንደሚቻልም አሜሪካኖች ያውቁታል። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ድሮ የፉትቦል ኃያል ነበር። በ1935 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የወሰደው የእሱ ልጅ ነው። በ1939 ፕሬዚዳንቱ ሮበርት ሃቺንስ ፉትቦሉን ዘጉት። ባዶ በቀረው ስታዲየም መቀመጫዎች ሥር ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ በታኅሣሥ 1942 የመጀመሪያውን ቁጥጥር ያለው የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት አስጀመሩ። የቺካጎ ስም አልወደቀም። ግን ቺካጎ በሮክፌለር ገንዘብ የተቋቋመ የግል ትምህርት ቤት ነው። ለአንድ የገጠር ግዛት ዩኒቨርሲቲ “ኳሱን ተወውና ፊዚክስ አጥና” ማለት ቀላል ምክር አይደለም።

ቲፎዞው የሠራውን ስም ማን እንደሚያዝበት ማየት የፈለገ የዋሽንግተን ስቴትን ነገር ይመልከት። ፑልማን በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው። የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከትልቁ ጨዋታ ቦታ በቀጥታ የሚያስተላልፈው ፕሮግራም አለ። ከ2003 ጀምሮ በዚያ ፕሮግራም ላይ፣ ከአቅራቢዎቹ ጀርባ፣ የዋሽንግተን ስቴት ባንዲራ ይውለበለባል። ጨዋታው አላባማ ይሁን ኦሃዮ፣ ዋሽንግተን ስቴት ይጫወት አይጫወት፣ ባንዲራው አለ። የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው በየከተማው እየተቀባበሉ፣ በፖስታ እየተላላኩ የሚያውለበልቡት። ደሞዝ የለውም። ለሊት ተነስቶ ቦታ መያዝ አለበት። ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ መጣ። ቢግ ቴን የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ በ2022 ለ7 ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የስርጭት ውል ፈረመ። የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውን የምዕራቡን ሊግ፣ ፓክ-12ን፣ ጥለው ወደዚያ ኮበለሉ። በቀጣዩ ዓመት ኦሪገንና ዋሽንግተን ተከተሏቸው። ሌሎቹም በየፊናቸው ተበተኑ። ከ12 ትምህርት ቤቶች ሁለት ቀሩ፤ ኦሪገን ስቴት እና ባለ ባንዲራው ዋሽንግተን ስቴት። የቴሌቪዥን ድርጅት የሚቆጥረው በአካባቢው ስንት ቤት ቴሌቪዥን እንዳለ ነው። ፑልማን ውስጥ ብዙ ቤት የለም። ዛሬ የሎስ አንጀለስ ተማሪ ለሊግ ጨዋታ ኒው ጀርሲ ድረስ ይበራል። ለመረብ ኳስና ለቴኒስ ተጫዋቾችም እንደዚያው ነው፤ ፈተና እያላቸው።

በዚህ ሁሉ መካከል ተጫዋቹ ከስኮላርሺፕ ውጪ ምንም አያገኝም ነበር። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 9 ለ 0 በሆነ ድምፅ በኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ። ከዚያው ዓመት ሐምሌ ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ማስታወቂያ መሥራት ተፈቀደላቸው። በሰኔ 2025 ደግሞ ሌላ ፍርድ ቤት አንድ የክስ ስምምነት አጸደቀ። ትምህርት ቤቶች ለተጫዋቾቻቸው ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ ለመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ልጆቹ ለፍተው ያመጡት ገንዘብ ነውና ተገቢ ይመስለኛል።

የማይመለሰው ጥያቄ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። አብዛኛው የሚሄደው ለፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። እስከ ዛሬ ከፉትቦሉ ትርፍ እየተቆነጠረ ሲኖር የነበረው ሩጫውና የውሃ ዋናው አሁን ስጋት ላይ ነው። እኛን የሚነካንም በዚህ በኩል ነው። ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች ኬንተኪ ውስጥ የተወለደው ያሬድ ንጉሤ ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲን ወክሎ እየሮጠ ነው ያደገው። በፓሪስ ኦሎምፒክ 1,500 ሜትር ነሐስ አገኘ። ወርቁን የወሰደው ኮል ሆከርም የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው። የፉትቦሉ ስታዲየም ሲሞላ የሩጫው አሰልጣኝም ደሞዝ ይከፈለው ነበር።

ከቲፎዞው መውሰድ ተጀምሯል። የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ በፉትቦል ትኬት ላይ 10 በመቶ “የተሰጥኦ ክፍያ” ጨምሯል። ከተማሪው መውሰድ ግን አዲስ ነገር አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዱን ተማሪ ለስፖርት ብቻ በዓመት ከ2,000 ዶላር በላይ ሲያስከፍል ቆይቷል። ጨዋታ ተመልክቶ የማያውቀውንም ጭምር። የግዛቱ ምክር ቤት ለዚህ ዓይነት ድጎማ በ2015 በሕግ ጣሪያ አበጅቶለታል። ክፍያው ብዙ ጊዜ ከትምህርት ክፍያው ተለይቶ “ፊ” በሚለው መስመር ውስጥ ነው የሚገባው። የመቀበያው ደብዳቤ ቤታችሁ ሲደርስ ከስኮላርሺፑ ቀጥላችሁ እሷን መስመር ፈልጉ። ዝርዝሯ ካልተጻፈ ለትምህርት ቤቱ የገንዘብ ክፍል ደውላችሁ ከውስጧ ለስፖርት የሚሄደው ስንት እንደሆነ ጠይቁ።